ከአሮጌ ኤንትሬ የአጣናና የድንች ጫኝ እንዴት ይሠራል

ኤንትሬ ሊገዙ ሲሄዱ ሻጩ ቀድሞ የሚያደርገው ሞተሯን ማስነሣት ነው። ነዳጅ ይረግጣል፣ ጭሱን በእጁ እየበተነ «ስማት እስቲ ወንድሜ፣ ሰዓት እኮ ናት!» ይላል። ይርገጥ። እርስዎ ካርቶን አንጥፈው ከሥሯ ይግቡ። ሞተር ይታደሳል፣ ካምቢዮ ይወርዳል፣ ጋቢና በላሜራ ይጠገናል፤ ገንዘብዎን የሚከፍሉት ግን ለሻንሲው፣ ለአክስሎቹና ለሊብሬው ነው። ሦስቱ ጤነኛ ከሆኑ በምዕራብ ሸዋ ዞን ጊንጪ ላይ ቁጭ ብለው ለዓመታት እንጀራ የሚሆን ጫኝ መኪና መሥራት ይቻላል። ካልሆኑ ግን የገዙት ቁርጥራጭ ብረት ነው፤ እሱን ደግሞ በኪሎ ቢገዙት ይረክስልዎታል።

ኤንትሬ የምንላት ፊያት 682 ኤን 3ን ነው። 682 ከ1952 እስከ 1988 እ.ኤ.አ. በልዩ ልዩ ስሪት ተመርታለች፤ ጣሊያኖቹ «የአፍሪካ ንጉሥ» የሚል ስም አውጥተውላታል። በኛም አገር ተሳቢ እየጎተተች የአሰብን መንገድ ስትመላለስ ኖራ፣ ዛሬ የቀሩት ድንጋይ፣ አሸዋና እንጨት ላይ ናቸው። ፊያት ከመንግሥት ጋር ሆኖ በ1970 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው አምቼ የተባለ የመኪና መገጣጠሚያ ስለነበረ፣ የፊያትንና የኋላ ኋላም የኢቬኮን ጠባይ የሚያውቅ መካኒክ በየከተማው አይጠፋም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ከውጭ ማስገባትን የማይቀመስ ካደረገው ወዲህ ደግሞ፣ አገር ውስጥ ያለችውን አሮጌ ማደስ ከድሮው የበለጠ ያዋጣል። ከዚህ በታች የተጻፈው ለሌላ አሮጌ ባለ ሁለት አክስል ከባድ መኪናም ይሠራል፤ ምሳሌዬ ግን እሷ ናት።

ከጭነቱ ይነሡ

ስለ መኪናዋ ገና አያስቡ። ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዙና የሚጭኑትን ይጻፉ። በጊንጪ ዙሪያ መልሱ በየወቅቱ ይለዋወጣል፤ ከጀልዱ የሚወርድ አጣና አለ፣ ድንች ሲደርስ ድንች አለ፣ ከመኸር በኋላ ከደንዲ ሜዳ የሚነሣ ጭድና እህል አለ። ሦስቱ በክብደት ፈጽሞ አይገናኙም።

እርጥብ ባሕር ዛፍ አንድ ሜትር ኩቡ አንድ ቶን ግድም ይመዝናል። አጣና ሲደረደር ግን በመሃሉ ክፍተት ስላለ፣ ከተደረደረው ውስጥ ድፍን እንጨት የሚሆነው 60 ከመቶ አካባቢ ነው። ድንች በጆንያ ሲደረደር ሜትር ኩቡ ከ650 እስከ 700 ኪሎ ይሆናል። ጭድ ቦታ ይበላል እንጂ ክብደቱ ከቁጥር አይገባም።

አሁን ስሌቱን ይሥሩት። ካሶኒው 6 ሜትር ርዝመት፣ 2.30 ሜትር የውስጥ ስፋት አለው እንበል። አጣናው አንድ ሜትር ከፍታ ድረስ ቢደረደር 13.8 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ 60 ከመቶው 8.3 ነው፤ ማለትም ከ8 ቶን ጥቂት ይበልጣል። አጣናውን በየጎኑ የሚይዙትን ቋሚ ብረቶች ግማሽ ሜትር ብቻ ቢያስረዝሟቸው ያው ካሶኒ ከ12 ቶን በላይ ይይዛል። ድንቹን 65 ሳንቲ ከፍታ ባለው ስፖንዳ ልክ ቢሞሉት ደግሞ 6 ቶን ገደማ ይሆናል።

ከዚህ ስሌት የሚወጣው ነገር የሥራው ሁሉ መሠረት ነው፤ የካሶኒው ቁመት ራሱ ሚዛን ይሁን። ጫኞቹ «ትንሽ እንጨምር» ይላሉ፣ ደላላው «ለአንድ ቀን ምን አላት» ይላል፣ ነጋዴው ኪሱን ይዳስሳል። ሹፌር በአፉ ብቻ ሲከራከር ይሸነፋል። አንድ ሜትር ላይ የሚያልቅ ብረት ግን አይከራከርም፤ ከሱ በላይ የሚቀመጥ አጣና መሬት ይወድቃል፣ በቃ። መኪናዋ ስንት መሸከም እንዳለባት የሚነግርዎ የፋብሪካ ሰሌዳዋ ነው። እዚያ ከተጻፈው ጠቅላላ ክብደት ላይ ባዶዋን፣ ካሶኒዋ ተገጥሞላት፣ የምትመዝነውን ይቀንሱ፤ የቀረው የእርስዎ ጭነት ነው። ሰሌዳው ከጠፋ ያንኑ ሞዴል ፈልገው ያንብቡ እንጂ «ድሮ 15 ቶን ትጭን ነበር» የሚለውን ወሬ አይቀበሉ። ትጭን ነበር፤ እርስዎ ከሥሯ ገብተው የሚፈልጉትን ስንጥቅ ያመጣውም ያ ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይወስኑ፤ ይህች መኪና እርሻ ውስጥ አትገባም። የአዋሽ መነሻ የሆነው የጊንጪ ሜዳ ጥቁር አፈር ነው፤ ሐምሌ ላይ በእግር የሄደ ሰው እንኳ ጫማውን ጥሎ ይወጣል። የምትገፋው በኋላ አክስሏ ብቻ ስለሆነ አንዴ ከሰመጠች የሚያወጣት ትራክተር ነው። ከማሳ እስከ መንገድ ዳር ያለው የጋሪና የአህያ ሥራ ይሁን።

ሲገዙ

አሮጌ ከባድ መኪና የሚገኘው ከግለሰብ፣ ከደላላ፣ ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች ያገለገሉ ንብረቶችን ሲያስወግዱ በጨረታ ነው። የጨረታው ማስታወቂያ አዲስ ዘመን ላይ ይወጣል። የጨረታ መኪና ብዙ ጊዜ ለዓመታት ቆማ የከረመች ናት፤ ጎማዋ ሞቷል፣ ነገር ግን ሻንሲዋ ከመጠን በላይ ስትጭን ከኖረችው ይሻላል። እኔ ምርጫ ከተሰጠኝ የቆመችውን እወስዳለሁ።

የሻንሲ ቁጥሩን ራስዎ ያንብቡ። በሽቦ ብሩሽና በናፍታ አጥበው፣ ቁጥር በቁጥር ከሊብሬው ጋር ያስተያዩ። በቁጥሩ ዙሪያ ብረቱ ከሳሳ፣ ተሞርዶ ከለሰለሰ ወይም አንዱ ቁጥር ከሌላው ወጣ ገባ ካለ፣ ሻጩ የፈለገውን ያህል ቢምልልዎ ይሰናበቱ። የሞተር ቁጥሩንም እንዲሁ። ከዚያ የተመዘገበችበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄደው ዕዳና እገዳ እንደሌለባት ያረጋግጡ። በቀረጥ ነፃ የገባች ከሆነች ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዛወርም። ሊብሬው ሳይጣራ ቀብድ አይስጡ።

ሻንሲው

እዚህ ላይ አይቸኩሉ። ስንጥቅ የሚበዛባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፤ ከጋቢናው ጀርባ ያለው፣ ባሌስትራው የተንጠለጠለባቸው ማዕዘኖች፣ ከኋላ አክስል በላይ ያለው፣ እንዲሁም አንድ ሰው በዘፈቀደ የበሳቸው ቀዳዳዎች ዙሪያ። በተለይ በቅርብ ቀለም የተቀባ ቦታ ካዩ እዚያ ይጀምሩ። መኪናዋ ሙሉ በሙሉ ተቀብታ ከመጣች ደግሞ ከሁሉም ይጀምሩ።

መመርመሪያው መሣሪያ ነጭ ጋዝና ጠመኔ ነው። የጠረጠሩትን ቦታ በሽቦ ብሩሽ እስከ ብረቱ ድረስ ይፈግፍጉ። በጨርቅ ነጭ ጋዝ ቀብተው ሩብ ሰዓት ያህል ይተዉት። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ አጥርተው ይጥረጉና የተፈጨ ጠመኔ ይነስንሱበት። የሻንሲውን ጎን በመዶሻ ቀስ እያሉ ደጋግመው ይምቱ። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የሰረገው ጋዝ ተመልሶ ይወጣና በነጩ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ያሰምራል። መስመሩ ባሌስትራው ከተያዘበት ቦታ ከተነሣ ወይም ከላይኛው ጠርዝ ወደ ጎን ከወረደ፣ መኪናዋን ይተዉአት። ከአንዲት ቀዳዳ የወጣ አጭር ስንጥቅ ግን ይጠገናል።

ሪቬቶቹን አንድ በአንድ ይፈትሹ። ጣትዎን በአንዱ ራስ ላይ አድርገው ሌላውን ራስ በመዶሻ ይምቱ፤ ከላላ እንቅስቃሴው ጣትዎ ላይ ይሰማል። በዙሪያው ቀይ የዝገት ዱቄት ካለም ልል ነው። የላላ ሪቬት በብየዳ አይያዝም። ተበስቶ ይወጣል፣ ቀዳዳው ተስተካክሎ ይሞረዳል፣ ራሱ ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ቁጥር ያለው ቡሎን ልክ ሆኖ ይገባበታል። ቁጥር የሌለው ቡሎን ለበር ማጠፊያ ይሁን።

ቀጥ ማለቷን ለማወቅ ደረጃው የተስተካከለ ወለል ላይ ያቁሟት፤ የነዳጅ ማደያ ወይም የወፍጮ ቤት ሲሚንቶ ወለል ይሆናል። ከሻንሲው ግራና ቀኝ፣ ከፊትና ከኋላ፣ ትይዩ የሆኑ አራት ነጥቦችን መርጠው ከየነጥቡ ቱንቢ ይጣሉ፤ የወረደበትን በጠመኔ ምልክት ያድርጉ። መኪናዋን ያንቀሳቅሱና በምልክቶቹ መካከል በሰያፍ ሲባጎ ይወጥሩ። ሁለቱ ሰያፎች ከአንድ ሳንቲ በላይ ከተለያዩ ሻንሲው ተጣሟል፤ ተገልብጣ ታውቅ ይሆናል።

ብየዳ ካስፈለገ

ስንጥቅ ሲጠገን ቀድሞ የሚሠራው መሰርሰሪያው ነው። በስንጥቁ ጫፍ ላይ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ይበሱ፤ ይህ ካልተደረገ ስንጥቁ ከብየዳው አልፎ ይቀጥላል። ከዚያ በግራይንደር በቪ ቅርጽ ይክፈቱት፣ እስከ ታች ድረስ እንዲሞላ ያስበይዱ፣ ላዩን ከብረቱ ጋር እኩል አድርገው ይሞርዱት። የባትሪውን ገመድ ሳይነቅሉ ብየዳ አይጀመርም። ኤሌክትሮዱ 7018 የሚባለው ቢሆን ይመረጣል፤ ግን እርጥበት ይጠላል። ክረምት ላይ ተከፍቶ የከረመ ፓኬት ከሆነ ብየዳው ውስጡ ቀዳዳ ይሆናል፤ ምድጃ ላይ አድርቀው ይጠቀሙበት። በያጁ ሥራውን ለማፍጠን ውኃ ሊያፈስበት ቢያነሣ እጁን ይያዙት፤ ሻንሲ በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ።

ከሻንሲው የላይና የታች ጠርዝ ላይ በምንም ምክንያት ቀዳዳ አይበሳም፣ ትንሽ ነገርም ቢሆን አይበየድም። ጭነት ሲያርፍባት ብረቱ ከሁሉ በላይ የሚወጠረውና የሚጨመቀው እዚያ ነው። የሚበሳው የቆመው ጎን መሃል ላይ ነው።

ሻንሲውን ቆርጦ ማስረዘም በየጋራዡ ይሠራል፤ ረጅም አጣና ለመጫን ብዙዎች ይመኙታል። ምክሬ አያስረዝሙት ነው። ከርዝመቱ ጋር የመሃል ዘንጉ ይረዝማል፣ የፍሬን ቱቦው ይቀጠላል፣ ማዞሪያዋ ይሰፋል፣ በጀልዱ መንገድ ኩርባ ላይም ችግር ትሆናለች። የ7 ሜትር አጣና በ6 ሜትር ካሶኒ ላይ አንድ ሜትር ወደ ኋላ ቢወጣ፣ ቀን ቀይ ጨርቅ፣ ማታ ቀይ መብራት ከታሰረበት ይበቃል።

ባሌስትራ መደርደርም ሌላው ፈተና ነው። ሁለት ቅጠል ሲጨመር መኪናዋ ጭነት የለመደች ትመስላለች፣ ወገቧ አይጎብጥም። የአክስሉ፣ የኩሽኔታው፣ የጎማውና የፍሬኑ አቅም ግን አንድ ኪሎ አልጨመረም። ይልቁንም ባዶ ስትሄድ ድንጋይ የመታት ሁሉ ሳይለዝብ ሻንሲው ላይ ያርፋል። የተሰበረ ቅጠል ካለ በልኩ ይተኩ፤ የመሃል ቡሎኑንና ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር ያሰሩትን የዩ ቅርጽ ቡሎኖች በአዲስ ይለውጡ።

ካሶኒው

ካሶኒ በቀጥታ ሻንሲ ላይ አይቀመጥም። መጀመሪያ ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ቁመት ካለው የዩ ብረት በሻንሲው ልክ ሁለት ረጃጅም ተሸካሚዎች ይሠራሉ። የእነዚህ የፊት ጫፍ እንደ ቆመ አይቆረጥም፤ ወደ ፊት እየሳሳ እንዲያልቅ በሰያፍ ይቆረጣል። አለበለዚያ ክብደቱ ሁሉ ከጋቢናው ጀርባ አንድ ቦታ ላይ ይገፋና ሻንሲው እዚያው ይሰነጠቃል። በተሸካሚውና በሻንሲው መካከል በደንብ የደረቀ ጠንካራ ጣውላ ይግባ። የአሮጌ ጎማ ቁራጭ የሚያስገቡ አሉ፤ ጎማ ሲውል ሲያድር ይሟሽሻል፣ ቡሎኑ ይላላል፣ ካሶኒው መንኳኳት ይጀምራል።

አያያዙ ላይ ብልሃት አለ። ሻንሲ በጎርበጥባጣ መንገድ መጠማዘዝ አለበት፤ ካሶኒው ግትር ሆኖ ከያዘው አንዱ ይሰበራል። ስለዚህ የፊተኞቹን ሁለት ማሰሪያዎች ጥቂት እንዲላወሱ በጠንካራ ሞላ ያስሯቸው፤ ከኋላ አክስል አካባቢ ያሉትን ግን በሰሌዳ ብረትና በቡሎን ድርቅ አድርገው ይያዟቸው። ሁሉም የሚታሰሩት በሻንሲው ጎን ላይ ነው።

ካሶኒው ከኋላ አክስል ምን ያህል ወደ ኋላ ይውጣ? ከሁለቱ አክስሎች ርቀት 60 ከመቶውን እንዳያልፍ። ነገሩን በቁጥር ቢያዩት ይሻላል። የአክስሎቹ ርቀት 4 ሜትር፣ ጭነቱ 8 ቶን፣ የጭነቱ መሃል ከኋላ አክስል ግማሽ ሜትር ወደ ፊት ከሆነ፣ የፊቱ አክስል አንድ ቶን ይወስዳል፣ የኋላው ሰባት። የጭነቱ መሃል ከኋላ አክስል ወደ ኋላ ካለፈ ግን የፊቱ ይቀልላል፤ መሪው ይለሰልስልዎታል፣ «ቀለለችልኝ» ይላሉ፤ ዳገት ላይ ደግሞ መሪ አልታዘዝ ትላለች።

ለአጣና በየጎኑ አራት አራት ቋሚ ብረት ይበቃል። ቋሚዎቹ አይበየዱም፤ በካሶኒው አግዳሚዎች ላይ የተበየደ ወፍራም ኪስ ውስጥ ገብተው በፒን ይያዛሉ። ድንች ሲመጣ ተነቅለው በምትካቸው ስፖንዳው ይገጠማል። በዚህ መንገድ አንዲት መኪና ሁለት ትሆናለች። አጣና ሲሞላ ቋሚዎቹን ወደ ውጭ ይገፋቸዋል፤ ስለዚህ ግራና ቀኙ አናታቸው ላይ በሰንሰለት ይያያዝ። የአጣና ማሰሪያ ሰንሰለትና ማጥበቂያ እንጂ የሲባጎ ገመድ አይሁን፤ እንጨቱ መንገድ ላይ እየተነቃነቀ ይቀመጥና ገመዱ ይላላል። ከተነሡ ጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ ቆመው ደግመው ያጥብቁ።

ከሁሉ በላይ ገንዘብ የማይቆጠብበት የጋቢናው ጋሻ ነው። ድንገት ፍሬን ሲያዝ 8 ቶን አጣና ወደ ፊት ይሄዳል፤ ከአጣናውና ከሹፌሩ ጀርባ መካከል ያለው ይህ ጋሻ ብቻ ነው። የኤንትሬ ጋቢና ላሜራ ምንም አይመክትም። ጋሻው ከወፍራም ዩ ብረት ይሠራ፣ በሰያፍ ወደ ኋላ ይደገፍ፣ የሚታሰረውም ከካሶኒው ተሸካሚ ጋር ይሁን እንጂ ከጋቢናው ጋር አይነካካ። ቁመቱ ከቋሚዎቹ ይብለጥ።

ወለሉ 5 ሳንቲ ውፍረት ያለው ጣውላ ይሁን። በጣውላዎቹ መካከል ጣት የማያስገባ ክፍተት ይተዉ፤ የድንቹ ላብና የዝናቡ ውኃ መውጫ ያገኛል። የውጭ ስፋቷ ከ2.50 ሜትር እንዳይበልጥ ቋሚዎቹን ሲያቆሙ ይለኩ። ከኋላ ደግሞ ትናንሽ መኪኖች ከሥሯ እንዳይገቡ ዝቅ ያለ አግዳሚ ብረት ይበየድላት።

ፍሬን

ከጀልዱ ጭነው ሲመጡ መንገዱ ወደ ጊንጪ ይወርዳል። ባዶ ወጥተው ሞልተው ነው የሚወርዱት፤ እንግዲህ የዚህች መኪና ዋና ሥራ መቆም ነው። በጀት ካጠረ ሞተሩ ይጠብቅ፣ ቀለሙ ጨርሶ ይቅር።

አራቱንም ታምቡሮች ያስወርዱ። ሸራው በዘይት ከራሰ አይታጠብም፣ ይጣላል፤ ዘይቱን ያመጣው ማኅተምም ይቀየራል። ታምቡሩ ላይ ጣት የሚይዝ ደረጃ ካለ ቶርኖ ቤት ይግባ። አንዱን ጎን ብቻ አሠርተው ሌላውን አይተዉ፤ ሁለቱ ጎኖች እኩል ካልያዙ ፍሬን ሲረግጡ መኪናዋ ወደ አንድ ወገን ትስባለች።

ከዚያ ንፋሱ። ሞተሩን አስነሥተው ንፋሱ እስኪሞላ ይጠብቁ፤ ሞተሩን ያጥፉ። አንድ ሰው ፍሬኑን ረግጦ ይያዝ፤ እርስዎ ጌጁን ይመልከቱ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከሩብ ባር በላይ ከወረደ የሚያፈስ ቦታ አለ። የሳሙና አረፋ በየመጋጠሚያው ቀብተው ያግኙት። የጎማ ቱቦዎቹን ዕድሜ ሳይጠይቁ በሙሉ ይለውጡ፤ ከዋጋቸው ጋር የማይመጣጠን አደጋ የሚያመጡ ዕቃዎች ናቸው። በንፋስ ታንኮቹ ሆድ ያለውን መክፈቻ ረዳቱ ማታ ማታ እየከፈተ ውኃውን ያፍስስ።

የድሮ መኪና የእጅ ፍሬን በጉልበት የሚጎተት ነው፤ ንፋስ ሲያልቅ በራሱ አይዝም። አሁን በገበያ ላይ ያሉት ባለ ሞላ የፍሬን ሳንባዎች ተቃራኒ ናቸው፤ ንፋስ ሲኖር ይለቃሉ፣ ንፋስ ሲያልቅ ሞላው ራሱ ይይዛል። ለኋላ አክስል እነዚህን ማስገጠም ከሁሉም ማሻሻያ የላቀ ነው። ሥራው ግን ቫልቭና የቱቦ ዝርጋታ ስለሚጨምር፣ ዘመናዊ ከባድ መኪና ላይ የሠራ የፍሬን ባለሙያ ይሥራው። በጭስ ማውጫው የሚሠራ ሞተር ፍሬን ካላት እንዲሠራ ያድርጉ። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ዳገቱን ሞልተው ሊወጡት በሚችሉት ማርሽ ይውረዱ።

ሞተሩ

ብዙ ሰው ከዚህ ይጀምራል። ሞተሩ ከ10 ሊትር ተኩል በላይ የሚይዝ ባለ ስድስት ሲሊንደር ነው፤ 180 ፈረስ ጉልበት ግድም አለው፣ ጠባዩም ትዕግሥተኛ ነው። ጊንጪ ላይ ግን ያን ሁሉ አያገኙትም። ከተማዋ ከባሕር ወለል 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። ጀልዱ ሲወጡ ይብሳል። መካኒኩን «ፖምፓውን ክፈትልኝ» ማለት መፍትሔ አይደለም፤ አየር ሳይጨመር ናፍታ ቢጨመር የሚጨምረው ጥቁር ጭስና ሙቀት ነው። ፖምፓውና ኖዝሎቹ በመሣሪያ ተፈትነው በልካቸው ይመለሱ።

ማቀዝቀዣውም ከከፍታው ጋር ይያያዛል። በጊንጪ ከፍታ ክዳኑ ክፍት በሆነ ራዲያተር ውስጥ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ክዳኑ ግፊት የሚይዝ ይሁን፤ በፌስታልና በጨርቅ የታሰረ ክዳን ዳገት ላይ ውኃዎን ይበትነዋል። ራዲያተሩን አስወርደው ያስጸዱ፣ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል የተለመደ ቢሆንም መልሰው ያስገቡት፤ ቀዝቅዞ የሚሠራ ሞተር ካሚሻውን ይበላል።

ሞተሩን ለመመርመር ጠዋት ሳይሞቅ ይሂዱ። ሲነሣ ትንሽ ነጭ ጭስ ችግር የለውም፤ ሞቆም ሰማያዊ ጭስ ካልተወው ዘይት እየበላ ነው፣ ፋሻና ካሚሻ ያስቡ። የዘይት መሙያውን ክዳን ሲከፍቱ ነፋስ ፊትዎን ከመታውም ያው ነው። ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ከታየ ጓርኒሲዮኑ ወይም ቴስታታው ነው። ዕቃው መርካቶ ሶማሌ ተራ ይፈለጋል፤ አሮጌውን ዕቃ ይዘው ይሂዱ፣ በካሊፐር ለክተው ይግዙ። የሌላ ስሪት ሞተር መግጠም የሚያዋጣው የራሷ ከጥገና ውጭ ከሆነ ብቻ ነው፤ የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ መለወጡን፣ የማሰሪያና የፍሪሲዮን ጣጣውን ከዋጋው ላይ ይደምሩት።

የኤሌክትሪኩን ነገር በአጭሩ፦ አሮጌውን ሽቦ በሙሉ ይንቀሉ፣ 24 ቮልት መሆኑን አውቀው በአዲስ ያስዘርጉ፣ እያንዳንዱ መስመር ፊውዝ ይኑረው። የፍሬን መብራት፣ ፍሬቻና ከኋላ አንጸባራቂ ግድ ናቸው። መሪዋ በቀኝ በኩል ከሆነ በግራ ትልቅ መስታወት ይግባላት፤ ለመቅደምም የረዳትዎን ዓይን ይመኑ።

ወረቀቱ

የጎማና የብረት ሥራው ከማለቁ በፊት፣ እንዲያውም አንድ ብረት ሳይቆረጥ፣ ወደ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ሊብሬው ላይ ያለውና መንገድ ላይ የምትሄደው መኪና አንድ መሆን አለባቸው። ገልባጭ የነበረችውን ደረቅ ጭነት ሲያደርጓት፣ ሞተር ሲቀይሩ ወይም ርዝመት ሲነኩ ፈቃዱን አስቀድመው ይጠይቁ፤ የዞኑ መቀመጫ አምቦ ስለሆነች ሩቅ አይደለም። ከዚያ ምርመራው፣ ቦሎው፣ የሦስተኛ ወገን መድኑ ይከተላል።

የእንጨት ጫኝ ሌላም ወረቀት አለበት። የራስ ባሕር ዛፍም ቢሆን ሲጓጓዝ የመውጫ ደብዳቤ ከወረዳው ይያዝ። ጥድና ዝግባ አይነካም። የጭልሞ ደን ከጊንጪ ጥግ ነው፤ በ2008 ዓ.ም. ኅዳር ላይ በተነሣው ተቃውሞ የከተማዋ ስም በአገሩ ሁሉ የተሰማው አንድም በዚህ ደን ጉዳይ ነበር። ማታ መጥቶ «ከባሕር ዛፉ ሥር ትንሽ ጣውላ ልደብቅ» የሚልዎትን ሰው በትህትና ይሸኙት።

የመጀመሪያው ጭነት

በመጀመሪያው ቀን ግማሽ ጭነት ብቻ ይጫን፤ ድንች ከአጣና ይሻላል፣ ክብደቱን በጆንያ ቆጥረው ያውቁታልና። ባዶ ሜዳ ላይ ፍሬኑን ቀስ ብሎም ድንገትም ይሞክሩት። ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ሆለታ ያለው ሚዛን ጣቢያ አክስል በአክስል ይመዝናታል፤ ቁጥሩን ይጻፉና ከስሌትዎ ጋር ያስተያዩት። የኋላው ከጠበቁት ከበለጠ ጭነቱ በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ጋሻው ይጠጋ።

ከጊንጪ ተነሥተው አዲስ ዓለም ሲደርሱ ይቁሙ። እጅዎን ከየታምቡሩ አጠገብ ያድርጉ፤ አንዱ ከሌሎቹ ይበልጥ ከጋለ ፍሬኑ አልለቀቀም ወይም ኩሽኔታው ጠብቋል። የጎማ ዳዶዎቹን በሙሉ ደግመው ያጥብቁ፤ በግራ በኩል ያሉት ወደ ግራ የሚጠብቁ ሊሆኑ ስለሚችሉ ጥርሱን ሳያዩ በጉልበት አይታገሏቸው። የካሶኒውን ማሰሪያዎችና የባሌስትራውን የዩ ቡሎኖች ደግሞ ከሳምንት ሥራ በኋላ፣ ጭነቱ ላይዋ እንዳለ፣ እንደገና ያስጠብቁ፤ ባዶዋን የጠበቀ ቡሎን ስትጭን ይላላል።